ቀን የማያውቅ ስንዴ

መንዝ ውስጥ በሐምሌ መጨረሻ እናት በግ እየነዳ ገበያ የሚወርድ ሰው ለምን እንደሚሸጥ አይጠየቅም። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ የሚታረደው ታርዷል፤ ፍልሰታ ደግሞ ደጅ ላይ ናት። የበግ ዋጋ የሚነሣው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው። ከዚያ በፊት በጭቃና በጉም ውስጥ፣ ገዢ በሳሳበት ገበያ በግ ይዞ የቆመ ሰው ጎተራው የተራቆተበት ሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሐል ሜዳ ከተማ ገበያ ላይ እንዲህ ከቆሙት አንዷን እናት አነጋግሬ ነበር። ባናቸውን ተከናንበው የበጓን ገመድ በእጃቸው ሁለት ዙር ጠምጥመውታል። ነጋዴው ጎንበስ ብሎ ጥርሷን አየ፣ ወገቧን ጨመቅ ጨመቅ አደረገ፣ ከሥር እጁን ሰድዶ ሆዷን መዘነ። «እማማ፣ ይህቺ እኮ እርጉዝ ናት» አላቸው። «አጥቼው መሰለህ?» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ኋላ እንደነገሩኝ በጓን የገዟት ድሃ ቤተሰቦችን በእህል ወይም በብር ከሚደግፈው ከሴፍቲኔት ፕሮግራም ጋር በተሰጠ ብድር ነው። የሚሸጧትም የዚያው የሴፍቲኔት ስንዴ ስለዘገየ ነው። «ለሰኔ የተባለው ነሐሴ ሊብት ነው፤ ስንዴው ቀን አያውቅም» አሉኝ።

ስለ ዓለም አቀፍ የልማት ፕሮግራሞች ሲወራ ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፤ ስንት ገንዘብ መጣ፣ የትስ ገባ። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስመላለስ ግን ከሁለቱም ይልቅ ሦስተኛው ከበደብኝ፤ መቼ ደረሰ? ደጋው ላይ ውርጩ የሚወርድበት ቀን አይታወቅም። በልጉ ይጣል ይቅር አይታወቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ መንገዱ ነገ ክፍት ይሁን ዝግ አይታወቅም። በዚህ ሁሉ ላይ እርዳታውም ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ ገበሬው ከውርጩና ከድርቁ ጋር አብሮ የሚቆጥረው ሌላ አደጋ ይሆናል።

የሚገርመው የሴፍቲኔቱ ሐሳብ የተወለደው ከዚሁ ከቀን ጉዳይ መሆኑ ነው። በ1995 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያዊ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። እስከዚያ ድረስ አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር፦ ሰብል ይበላሻል፣ ጥናት ይደረጋል፣ ጥሪ ይተላለፋል፣ ለጋሹ ቃል ይገባል፣ መርከቡ ጂቡቲ ይደርሳል፣ መኪናው ሽቅብ ይወጣል። ስንዴው ሲደርስ በሬው ተሸጧል። ከዚህም በላይ በደህናው ዓመት እንኳን የሚራበው ሰው ያው ሰው ነበር። እንግዲህ ረሃቡ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ በጀቱስ ለምን አስቀድሞ አይታወቅም? ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። የዓለም ባንክ፣ የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ፣ የእንግሊዝ መንግሥት፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ አየርላንድ፣ ካናዳ፣ ስዊድንና የዓለም ምግብ ፕሮግራም አብረው ገቡበት። በሰፋበት ጊዜ 8 ሚሊዮን ያህል ሰው አቅፏል።

ስሌቱ ገበሬ በጣቱ የሚቆጥረው ነው። መሥራት የሚችል ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባል በወር 5 ቀን የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፤ እርከን ያነሣል፣ ተፋሰስ ያለማል፣ መንገድ ይጠርጋል። የቀኑ ሥራ በ3 ኪሎ እህል ስለሚታሰብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ወይም ያንኑ ይገዛል የተባለ ብር። ጉልበት የሌለው አረጋዊና ሕመምተኛ ሳይሠራ «ቀጥታ ድጋፍ» ይወስዳል። ወቅቱ ከጥር እስከ ሰኔ ነው፤ ዋናው እርሻ በማይበረታበት ጊዜ ይሠራል፣ ክረምት ሳይከብድ እህሉ ቤት ይገባል። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም።

በመሬትም ላይ ቢሆን ከንቱ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ 5 ዓመት ያለማቋረጥ ክፍያ ያገኙትን 1 ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲያስተያይ የመጀመሪያዎቹ የችግር ወራት ከአንድ ወር በላይ አጥሮ ተገኝቷል። አንድ ወር ለደመወዝተኛ ትንሽ ይመስላል። ለመንዝ ቤት ግን አንድ ወር ማለት ለዘር የተቀመጠውን ገብስ ቆልቶ በሶ ማድረግና አለማድረግ ነው፤ እናት በጓን መሸጥና ግልገሏን ማየት ነው። በጥናቱ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው «ያለማቋረጥ» የሚለው ነው። ለውጥ የታየው ለብዙ ዓመት በተደጋገመ ክፍያ ነው፤ አንዴ ጎርፎ በሚቀር ስጦታ አይደለም።

ብሩም ቢሆን የራሱ የቀን ጣጣ አለበት። ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። በ2000 ዓ.ም. እህል ሲወደድ 8 ብር ቢደረግም ገበያው ቀድሞት ሄደ፤ «ብር ይሻለናል» ይሉ የነበሩትም «ስንዴውን ስጡን» ማለት ጀመሩ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በየካቲት የተተመነ ክፍያ በነሐሴ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው፤ ጆንያው ግን ጎድሏል።

«ተመርቄ ምን ልፈልግ?»

ፕሮግራሙ ካመጣቸው ቃላት ሁሉ የሚያሳዝነኝም የሚያስቀኝም «መመረቅ» ነው። ሐሳቡ ቤተሰቡ ጥሪት አፍርቶ ራሱን ሲችል በክብር ይውጣ የሚል ነበር። አፈጻጸሙ ላይ ግን በብዙ ቦታ ከላይ ቁጥር ይወርድና ከታች ስም ይሞላል። ሁለት በግ ያረባ ሰው በጭብጨባ ከመዝገብ ይሰረዛል። በሚቀጥለው ዓመት ገብሱን ውርጭ ሲመታው በጎቹን ሸጦ ወደነበረበት ይመለሳል፤ መዝገቡ ግን ተመልሶ አይከፈትለትም። አንድ ሽማግሌ «ልጅ ሲመረቅ ሥራ ይፈልጋል፤ እኔ ተመርቄ ምን ልፈልግ?» ብለውኝ ነበር።

ምረቃ በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ደግሞ ይታወቃል። ኢትዮጵያን፣ ጋናን፣ ሆንዱራስን፣ ሕንድን፣ ፓኪስታንንና ፔሩን ያካለለ፣ ከ10 ሺህ በላይ ድሃ ቤተሰቦች የተካተቱበት ጥናት በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። ለቤተሰቡ በግ ወይም ፍየል ወይም የንብ ቀፎ ይሰጣል። እንስሳው እስኪያፈራ እንዳይሸጥ የቀለብ ድጋፍ አብሮ ይሰፈራል። ሥልጠናና ቁጠባ አለ፤ በየጊዜው ቤት ድረስ እየመጣ «በጓ እንዴት ናት?» የሚል ሰው አለ። ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ ከጎረቤቶቻቸው የተሻለ ይበሉ፣ የተሻለ ይቆጥቡ ነበር። ነገሩ የተሠራው ከተያያዘ ክር ነው፤ አንዱ ሲበጠስ ሌላውም ይፈታል። መሐል ሜዳ ያየኋት በግ በብድሩ ተገዝታለች፤ ቀለቡ ግን አልደረሰም። ስለዚህ ፕሮግራሙ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ቀማ።

የዚያ ጥናት የኢትዮጵያ ክፍል የተካሄደው ትግራይ ውስጥ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት የገባበት ትግራይ።

ድህነት ሲቀንስ ጠመንጃ ይቀንሳል?

ለጋሾች ልማትንና መረጋጋትን በአንድ አፍ መናገር ከጀመሩ ቆይተዋል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2030 ከዓለም እጅግ ድሃ ሰዎች እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ግጭትና አለመረጋጋት ባጠላባቸው አገሮች ይኖራሉ ብሎ ገምቷል። ከዚህ ተነሥቶ «ድህነቱን አቅልሉት፣ ሰላሙ ይከተላል» የሚል ቀላል እምነት በየፕሮጀክቱ ሰነድ መግቢያ ላይ ይቀመጣል።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ እምነት አስቸጋሪ ተማሪ ነው። አጣዬ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ነደደች። በኅዳር 2014 ከሰሜን የመጣው ጦርነት ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳረሰ። ሰው ቤቱን ጠግኖ ሳይጨርስ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ውጊያውም በገጠሩ ቀጠለ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከወለጋ ሳይቀር የተፈናቀሉትን ተቀብላ፣ «ቻይና ካምፕ» በሚባለው ስፍራ ልጆች ተወልደው ድክ ድክ ሲሉ አይታለች። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በእርከን ማነስ የመጣውን ልፈልግ ብል አላገኝም። የመሬት፣ የአስተዳደርና የሥልጣን ጥያቄዎች ናቸው፤ ስንዴ አይመልሳቸውም። ስንዴ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ፤ ሰዉ ሲመሽበት ዘር ሳይበላ እንዲያድር፣ ወጣቱም ከቤቱ የሚያስወጣው አንድ ምክንያት እንዲቀንስለት ያግዛል። ይህን ማቃለል አልፈልግም፤ ተአምር ብሎ መሸጡ ግን ትዝብት ነው።

እርዳታ ግጭትን ሊያባብስ መቻሉም ተመዝግቧል። ፊሊፒንስ ውስጥ በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚካሄድ፣ መንደሮች የሚፈልጉትን ፕሮጀክት ራሳቸው የሚመርጡበት ትልቅ ፕሮግራም ነበር። አጥኚዎች ለጥቂት መስፈርቱን ያለፉትን ወረዳዎች ለጥቂት ከቀሩት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ያለፉት ላይ ግድያው ጨምሮ አገኙ። አማፂዎቹ ፕሮጀክቱ ከተሳካ ሕዝቡ ወደ መንግሥት ያጋድላል ብለው ስለሰጉ ገና ከዝግጅቱ ጀምረው ሊያከሽፉት ይዘምቱ ነበር። እዚያው ፊሊፒንስ ውስጥ ለድሃ ቤተሰቦች በቀጥታ ገንዘብ የሚሰጠው ሌላው ፕሮግራም ግን በደረሰባቸው መንደሮች ግጭቱ ቀንሶ ታይቷል። አገሩ አንድ፣ አማፂውም ያው፤ የተለያየው የእርዳታው መልክ ነው። አንደኛው ሪባን የሚቆረጥበት፣ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ከሩቅ የሚታይ ነው። ሌላው ድምፁን አጥፍቶ ቤት ይገባል።

ይህን ወደ እኛ ሳመጣው የሚታየኝ ስንዴ የጫነው መኪና ነው። ተራራ ለተራራ ሲጎተት የጫነውን ሁሉም ያየዋል፤ የሚያልፍበትን መንገድ የያዘ ሁሉ ይወስንበታል። የደረሰበት መጋዘንም የአንድ ወገን ቤት ተደርጎ ይታያል። ገንዘብ በስልክ ወይም በቅርብ ባለ የቁጠባ ተቋም ሲከፈል ቢያንስ ከዚህ ጣጣ ይድናል፤ ኔትወርክ ካለ፣ ባንኩም ካልተዘጋ። ገበያው ራሱ ሲዘጋ ግን ብር አይበላምና የግድ ወደ መኪናው እንመለሳለን። አንድ መልክ ብቻ ይዞ የሚመጣ ፕሮግራም ሰሜን ሸዋን አያውቃትም ለማለት ነው።

በሚያዝያ 2014 የዓለም ባንክ በግጭት ለተጎዱ የኢትዮጵያ አካባቢዎች፣ አማራን ጨምሮ፣ 300 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ አጸደቀ፤ መሠረታዊ አገልግሎት እንዲመለስና ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች እንዲታገዙ። መልካም ሐሳብ ነው። ችግሩ የእንዲህ ዓይነት ፕሮጀክቶች ሁሉ ችግር ነው፤ ግጭቱ አለፈ ብለው ይጻፋሉ፣ ግጭቱ መሐል ይደርሳሉ። ዓለም አቀፉ ሥርዓት ሁለት ካዝና አለው። በአንደኛው ላይ «ልማት» ተጽፎበታል፤ ሲረጋጋ ይከፈታል። በሌላው ላይ «ሰብአዊ እርዳታ» ተጽፎበታል፤ ሲናጥ ይከፈታል። ከ2008 ዓ.ም.ቱ የኢስታንቡል የዓለም ሰብአዊ ጉባኤ ወዲህ ሁለቱን ከሰላም ሥራ ጋር እናገናኛለን እየተባለ ብዙ ወረቀት ተጽፏል። የአጣዬ ነጋዴ ግን ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ከሰዓት የሚዘጋ ሰው ነውና ለየትኛው ካዝና እንደሚመደብ ማንም አልነገረውም።

የሩቅ ፊርማ

እርዳታው የሚቋረጥበት ቀን ሲመጣ ግን ቁርጥ ይሆናል። ሰኔ 1 ቀን 2015 ዩኤስኤአይዲ የምግብ እርዳታ በሰፊው እየተዘረፈ ነው ብሎ በመላው ኢትዮጵያ አቆመ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ወዲያው ተከተለ። ለአብዛኛው ተረጂ እንደገና የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ላይ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም፣ ጥቅምት፤ ጎተራ ባዶ የሚሆንባቸው ወራት ተመርጠው የተቆረጡ ይመስላል። ስርቆቱ እውነት ነበር፤ መመርመሩም ግዴታ ነበር። ሌባውን ለመያዝ የተራበውን ማስጾም ግን ፍርድ አይባልም። ያለ ጥፋቱ የከፈለው በካምፕ ውስጥ ካርዱን ይዞ የተሰለፈው ሰው ነው።

ከዚያ ጥር 2017 መጣ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀን አገደ። ቀኑ ሳያልቅ ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዙ ተነገረ፤ ሰኔ 24 ቀን 2017 ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ድርጅት የእርዳታ ሥራው አብቅቶ የቀረው ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ገባ። እንግሊዝም በየካቲት 2017፣ ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ የነበረውን የእርዳታ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2027 ወደ 0.3 በመቶ አወርዳለሁ አለች፤ ልዩነቱን ለመከላከያ። ከጥቂት ዓመታት በፊት 0.7 በመቶ የምትሰጥ አገር ነበረች። ገንዘቡ የእነሱ ነው፤ የመቁረጥ መብትም አላቸው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ «ቀኑ የሚታወቅ ድጋፍ» ብለን የገነባነው ነገር ውቅያኖስ ማዶ ባለ ፊርማ በአንድ ቀን የሚናድ ከነበረ፣ ቀኑ መጀመሪያውኑ የሚታወቅ አልነበረም። የፌዴራል መንግሥቱ ከራሱ በጀት የሚያዋጣው ድርሻ ቀስ እያለ ማደግ የነበረበት በደህናው ጊዜ ነበር።

ከታርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ሲሄዱ መንገዱ ጓሳን ይሰነጥቀዋል። ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያው ለጌሳ ይሆናል። ይህን ምድር 400 ዓመት ያህል የጠበቀው «ቀሮ» የሚባል ሥርዓት ነው። ስፍራው በቀደምት አባቶች ስም ለአስቦና ለጌራ ተከፍሎ፣ በየበኩላቸው የሚመርጡት «አባ ቄራ» ያስጠብቀው ነበር። ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን ለሕዝብ ይነገራል፤ ሁሉም ማጭዱን ስሎ በዚያው ቀን ይገባል። ሰርቆ ያጨደ ሰው በአዲስ ጓሳ የከደነው ቤት ይቃጠልበት ነበር።

ቀሮን ቅዱስ ማድረግ አያስፈልግም፤ የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን አድልዎ ሲያነሣ ግን ጠባቂውንም አብሮ አነሣው፤ ሁሉም ገባ፣ ሁሉም አጨደ፣ ሣሩ ሳሳ። ኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች የዘር ሐረግ ሳይጠይቁ አዲስ መተዳደሪያ አወጡ፤ ኮሚቴ መርጠው ጠባቂ አቆሙ፤ ክልሉም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ብሎ ዕውቅና ሰጠው። የጀርመኑ የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበርና ሌሎችም ደገፉት። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ ሕጉና ልማዱ ቀድሞ ነበር፣ የውጭ ገንዘቡ ኋላ መጥቶ ተደገፈበት። የውጭው ሰው ቢሄድ ጠባቂው ደመወዝ ሊያጣ ይችላል፤ ሣሩ መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው ግን እዚያው ነው።

በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሚሠራው የመንዝ በግ ማሻሻያም የዚህ ዘመድ ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ባለሙያና መዝገብ ይዘው መጡ። አውራውን በግ የሚመርጡት ግን ተሰብስበው ገበሬዎቹ ናቸው፤ የተመረጠውንም በጋራ ይጠቀሙበታል። ከውጭ የመጣ ዝርያ እያዳቀሉ ከማከፋፈል የቀለለ ወጪ አለው፤ በጉም ብርዱን የለመደ ነው።

ሴፍቲኔቱን እንደ ጓሳ አድርጉት ማለቴ አይደለም፤ ሣር እዚያው ይበቅላል፣ ስንዴው ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። ይሁንና የሚቀጥለውን ምዕራፍ የሚነድፉ ሰዎች ቢያንስ አንዱን ነገር ሊወስዱ ይችላሉ። ለሁለት ወር የሚበቃ እህል ወይም ብር አስቀድሞ ወረዳው ላይ ይቀመጥ፤ ከአዲስ አበባ ያለው ሲዘገይ ቀበሌው ከዚያ እያወጣ በቀኑ ይስፈር፤ የዘገየው ሲመጣ ይተካ። የሚጠይቀው አዲስ ሳይንስ የለም። የሚጠይቀው ወረዳውን ማመንና በየሩብ ዓመቱ መቆጣጠር ነው፤ አስቸጋሪውም ይኸው ነው።

ባለፈው በሄድኩበት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የተጠቃሚዎች ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ስም አለው፣ የቤተሰብ ብዛት አለው፣ ኪሎ አለው፣ የጣት አሻራ የሚያርፍበት ቦታም አለው። የሚወሰድበትን ቀን ፈልጌ አጣሁት። ልማት ሠራተኛውን ጠየቅኩት።

«እሱ ከላይ ነው የሚመጣው» አለኝ።